«መሬት ላይ ነኝ፣ ምን እሆናለሁ?»

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ 21 ዓመቴ ነው። ጀልባ ላይ ነው የምሠራው። እንግዳ ይዘን ዘጌ እንመላለሳለን። ዋና ከልጅነቴ ጀምሮ እችላለሁ። ባለፈው ዓመት ያለ ምንም መሣሪያ በአንድ ትንፋሽ ብቻ ጠልቀው የሚዋኙ ሰዎችን ስልኬ ላይ አየሁና ልቤ እዚያው ቀረ። ጣና ላይ ብቻዬን መሞከሩን ስለፈራሁት ቤት ውስጥ ትንፋሽ መያዝ ጀመርኩ። ማታ እናቴ ቡና አፍልታ ስትወጣ በሩን ዘግቼ እለማመዳለሁ። መጀመሪያ 30 ጊዜ ያህል ቁና ቁና እተነፍሳለሁ። ጣቶቼን ሲነዝረኝ ጉልበት እንደገባልኝ አውቃለሁ። ከዚያ ትንፋሼን ይዤ ከግድግዳ ግድግዳ እራመዳለሁ። ተቀምጬ 3 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ደርሻለሁ። አንዳንዴ የ9 ዓመት ወንድሜ ሰዓት ይይዝልኛል።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ግን ብቻዬን ነበርኩ። እየተራመድኩ 2 ደቂቃ ማለፌን አስታውሳለሁ። ምንም አልከበደኝም፤ እንዲያውም ደስ የሚል ስሜት ነበረው። ከዚያ ሊሾው ላይ ተዘርሬ ነቃሁ። ቅንድቤን የአልጋው ብረት ተርትሮታል። ስልኬ ገና እየቆጠረ ነው፤ 4 ደቂቃ ከ40 ይላል። እናቴን አዳልጦኝ ነው አልኳት። እስካሁን ጠዋት ጠዋት ራሴን ያመኛል። ደረቅ መሬት ላይ ከሆነ ችግር የለውም ሲሉ ሰምቻለሁ። ታዲያ ምንም ምልክት ሳይሰጠኝ ለምን ወደቅሁ? ልተወው ወይስ ልቀጥል?»

ወንድም ዓለም፣

እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ የስልኩ ሰዓት ጋ ስደርስ ቀጥ አልኩ። አንተ የምታስታውሰው 2 ደቂቃ ማለፉን ነው። ስልኩ 4 ደቂቃ ከ40 ይላል። በመሃሉ ያለውን ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ የሚያውቅ ሰው የለም። መቼ ወደቅህ? ስንት ሰከንድ ሳትተነፍስ ቆየህ? ራስህን የሳትከው ኦክስጅን አልቆ ነው ወይስ አልጋው ሲመታህ? ያየህ ሰው ስለሌለ መልስ የለውም።

ስለዚህ ወደ ጥያቄህ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልለምንህ። ነገ፣ ሥራ ከመግባትህ በፊት፣ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂድ። ጭንቅላት ተመትቶ፣ ራስን ስቶ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም ራስ ምታት ካለ ዝም አይባልም። በዚህ መሃል ማስመለስ፣ ያልተለመደ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ነገር መዘበራረቅ ወይም የአንድ ወገን እጅና እግር መዛል ከመጣ ደግሞ ነገን አትጠብቅ፤ ሌሊትም ቢሆን ሂድ። ስትሄድ «አዳልጦኝ ነው» እንዳትል። «ትንፋሼን ይዤ ራሴን ሳትኩ» በላቸው። ሐኪሙ እውነቱን ካወቀ ልብህንም ይመረምራል፣ የሚጥል በሽታ እንዳይሆንም ይጠይቅሃል፣ የደም ማነስም ያይልሃል። ወጣት ሰው ሲወድቅ ሁልጊዜ ምክንያቱ የመሰለው ነገር አይደለም። ቁስሉ በብረት ስለሆነም የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያስፈልገኝ እንደሆነ ብለህ ጠይቅ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ምልክት ሳይሰጠኝ ለምን ወደቅሁ ነው ያልከው። ምልክቱን ያጠፋኸው ራስህ ነህ። ይህን ስልህ ልወቅስህ ፈልጌ አይደለም። ይህን ሥራ አደገኛ የሚያደርገው ዋናው ነገር ይኸው ስለሆነ ነው፤ ብዙ ሰውም አያውቀውም።

ትንፋሽህን ስትይዝ ደረትህ የሚጨነቀው፣ ሆድህ የሚርገበገበው፣ «ተንፍስ! ተንፍስ!» የሚልህ ነገር ከምን የሚመጣ ይመስልሃል? ኦክስጅን ስላለቀ ይመስልሃል። ሁላችንም የሚመስለን እንደዚያ ነው። ነገሩ ሌላ ነው። የሚያስጨንቅህ ደምህ ውስጥ የሚጠራቀመው የተቃጠለ አየር ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምንለው። አንጎል ዋናው የሚከታተለው እሱን ነው። ኦክስጅን ሲቀንስ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ በጣም ደካማ ነው። የተቃጠለው አየር እንደ ግቢ ዘበኛ ነው። ሌባው በር ሳይደርስ ይጮኻል።

ቁና ቁና ስትተነፍስ ይህን ዘበኛ ታስተኛዋለህ። በኃይል ባወጣህ ቁጥር የተቃጠለው አየር ከደምህ ተጠርጎ ይወጣል። ኦክስጅንህ ግን ከዚህ በላይ እምብዛም አይጨምርም፤ የጤነኛ ሰው ደም ቀድሞውንም ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ያኔ ትንፋሽህን ስትይዝ ጭንቀቱ በጣም ይዘገያል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይመጣም። ኦክስጅኑ ግን እንደወትሮው እያለቀ ነው። ዘበኛው ሳይነቃ መብራቱ ይጠፋል። «ምንም አልከበደኝም» ያልከው ለዚህ ነው።

ያ የጣት መንዘርም ጉልበት አይደለም። የተቃጠለው አየር ከልክ በላይ ሲወጣ የደምህ ኬሚካል ይዛባል፤ ጣትና ከንፈር ይነዝራል። ወደ አንጎል የሚሄዱ የደም ሥሮችም ይጠብባሉ። ገና ትንፋሽህን ሳትይዝ አንጎልህ የሚያገኘው ደም ቀንሷል ማለት ነው። ሲነዝርህ አቁም የሚል መልእክት ነበር፤ አንተ ቀጥል ብሎ የሚገፋህ አድርገህ አነበብከው።

ከደብዳቤህ ሁሉ ይበልጥ ያስፈራኝ ግን «ደስ የሚል ስሜት ነበረው» ያልከው ነው። ኦክስጅን ሲያንሰው አንጎል ብዙ ጊዜ አይጨነቅም፤ ደስ ይለዋል። ቀለል ይለዋል፣ ይሞቀዋል፣ «ገና ነኝ፣ እችላለሁ» ይላል። ማመዛዘን ቀድሞ ይሄዳል፣ ሰውየው ተከትሎ ይወድቃል። የመጨረሻዎቹን ሰከንዶች ደግሞ አያስታውሳቸውም። በአንድ ትንፋሽ በሚዋኙ ሰዎች ዘንድ ራሱን ስቶ ከውሃ የወጣ ሰው ቆሞ «እኔ? አልሳትኩም!» ብሎ ሲከራከር ማየት የተለመደ ነው። ይህን ይዘህ «ሲከብደኝ አቆማለሁ» የሚለውን ሐሳብህን መርምረው። የሚያቆመው ሰው በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ የለም።

መራመዱ ነገሩን አባሰው። የሚራመድ ጡንቻ ኦክስጅን ይበላል። ተቀምጠህ 3 ደቂቃ ስለቻልክ እየሄድክ 2 ደቂቃ ቀላል መስሎህ ነበር። በዚያ ላይ የቆመ ሰው ሲወድቅ እጁን እንኳ ዘርግቶ ራሱን አያድንም፤ እንደተቆረጠ ግንድ ነው የሚወድቀው። ያ የአልጋ ብረት ሁለት ጣት ወረድ ብሎ ቢሆን ዓይንህ ነበር።

ደረቅ መሬት ላይ ችግር የለውም የሚሉህ ሰዎች ሙሉ ለሙሉ አልዋሹህም። መሬት ላይ ራሱን የሳተ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ትንፋሹ በራሱ ይመለሳል። የሚገባው አየር ስለሆነ ይነቃል። ውሃ ውስጥ ግን የሚገባው ውሃ ነው። አንተ የነቃኸው መሬት ላይ ስለነበርክ ነው። ግን «አብዛኛውን ጊዜ» ማለት ሁልጊዜ ማለት አይደለም። አንገቱ ታጥፎ የወደቀ፣ በፊቱ ፍራሽ ላይ የተደፋ፣ ትውከት የታነቀ ሰው አየሩ እያለ አየር ያጣል። አንጎል ኦክስጅን ካጣ ከአራት ደቂቃ ገደማ ጀምሮ የማይመለስ ጉዳት ሊደርስበት ይችላል።

ሌላም አለ። እናትህ ቡና አፍልታ ስትወጣ በሩን ዘግቼ ብለሃል። በጨዋታ መሃል ነው የጣልካት፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነሳችኝ። ከሰሉስ? ምድጃው ክፍሉ ውስጥ ነበር? አመድ የለበሰ ፍም በዝግ ክፍል ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይተፋል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፣ አልለቅም ይላል። ራስ ምታት ከመጀመሪያዎቹ ምልክቶቹ አንዱ ነው። ያንተ የጠዋት ራስ ምታት ከምቱ ይሁን ከከሰሉ እኔ እዚህ ተቀምጬ አላውቅም፤ ለሐኪሙ ሁለቱንም ንገረው። ጣት ላይ የምትሰካው የኦክስጅን መለኪያ፣ በኮቪድ ጊዜ ብዙ ቤት የገባችው፣ ይህን ጋዝ አትለይም፤ ደሙ የያዘውን ሁሉ ኦክስጅን ነው ብላ ጥሩ ቁጥር ታሳይሃለች። ለልምምድም እሷን አትመን። ጣት ላይ ያለው ቁጥር አንጎል ውስጥ ካለው ወደኋላ የዘገየ ነው። እሷ 90 ስትል አንተ አልፈኸው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልምምድ ኖረም አልኖረም፣ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ፍሙ ወደ ውጭ ይውጣ። እናትህም እዚያው ናት የምታፈላው።

ደግሞ ታናሽ ወንድምህ። የ9 ዓመት ልጅ ጠባቂ አይሆንም። ወንድሙ ከንፈሩ ጠቁሮ ሲዘረር ያየ ሕፃን የሚያደርገው ደርቆ መቆም ነው። ባይቆምም ምን እንዲያደርግ አስተምረኸዋል? ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራኝ ሌላው ነገር ነው። አንተ ጀልባ ላይ ስትውል እሱ ብቻውን ይሞክረዋል። ልጅ ነዋ! ታላቅ ወንድሙ የሚሠራውን ነው የሚሠራው። እኛም ልጅ ሳለን ወንዝ ዳር ቆመን «ማን ብዙ ይይዛል» እንጫወት ነበር። የአጎቴ ልጅ አንድ ቀን ሁላችንን አሸንፎ፣ ሳቁን ሳይጨርስ፣ ድንጋይ ላይ በአገጩ ወደቀ። ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፤ ጢሙን ሲላጭ ጠባሳው ይታያል። እኛ የሞተ መስሎን ጥለነው ሸሽተን ነበር። አሥር ዓመት እንኳ አልሞላንም። ለወንድምህ እንዴት እንደወደቅህ ንገረው፤ ቅንድብህንም አሳየው።

ልተወው ወይስ ልቀጥል ላልከው፣ እስክትመረመር ድረስ አቁም። ሐኪሙ ምንም የለብህም ካለህና ልብህ አሁንም እዚያው ከሆነ አትሞክረው አልልህም። ይህ ፍላጎት ክፉ ፍላጎት አይደለም። ግን ያኔ የምትሠራው እስካሁን ከሠራኸው ጋር አንድ መሆን የለበትም።

ቁና ቁና መተንፈስ ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው ቢያደርገውም ቀርቷል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ዝም ብለህ፣ ተኝተህ፣ እንደ ወትሮህ ተንፍስ፤ አንድ ጥሩ ትንፋሽ ሳብና ያዝ። ቁጥርህ ይወርዳል። ይውረድ፤ የወረደው እውነተኛው ያንተ ቁጥር ነው። ቆሞም እየተራመዱም የለም። ፍራሽ መሬት ላይ አውርደህ፣ ከአልጋ ብረትና ከሳንዱቅ አርቀህ ተኛ። አየሩን ጨርሶ አስወጥቶ በባዶ ሳንባ መያዝ ኦክስጅኑን ወዲያው ነው የሚጨርሰው፤ አትንካው። ሳንባን በግድ እየጎረሱ ከልክ በላይ መሙላትም ራስን ያስታል፣ ሳንባም ሊጎዳ ይችላል። ፊትን ሳፋ ውስጥ ነክሮ መያዝ ደግሞ ውሃ ነው፣ ደረቅ መሬት አይደለም። ሰው ለመስጠም ሐይቅ አያስፈልገውም። ጠላና አረቄ ከቀመስክ፣ ጫት ከቃምክ፣ ካመመህ ወይም እንቅልፍ ካጣህ የዚያን ቀን ይቅር። ጀልባ ላይ ተቀምጠህ፣ ሳይክል እየነዳህ «እስኪ እንግዳው እስኪወርድ ልያዝ» ማለትም የለም። የልብ፣ የአስም፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች አንባቢዬ ካለች ደግሞ ይህ ጨዋታ የእናንተ አይደለም።

ብቻህን የሚለው ነገር ጨርሶ ይቅር። አዋቂ ሰው አጠገብህ ይቀመጥ፤ የጀልባ ባልደረባህ፣ እህትህ፣ ማንም ይሁን። ስልኩን ሳይሆን ፊትህን ይይ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ በየ15 ሰከንዱ እጅህን ይጫን፤ አንተ ጣትህን ታነሳለህ። ጣትህ ካልተነሳ አንዴ ደግሞ ይጫን። አሁንም ካልተነሳ ነገሩ አበቃ። ከንፈርህ ከጠቆረ፣ ዓይንህ ከፈዘዘ፣ እጅህ ከተንቀጠቀጠም እንደዚያው። ያኔ ፊትህ ላይ በኃይል እፍ ይበል፣ ጉንጭህን መታ መታ ያድርግ፣ በስምህ ጠርቶ «ተንፍስ!» ይበልህ። አብዛኛው ሰው በዚህ ይመለሳል። ከነቃህ በጎን ያስተኛህ። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ካልተነፈስክ ግን ራስህን ቀና አድርጎ፣ አፍንጫህን ይዞ፣ በአፍህ ሁለት ጊዜ አየር ይስጥህ፤ ሌላ ሰው ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውል። ካልተመለስክ ደረትህን መጫን ይጀምር። ይህን ሁሉ አስቀድማችሁ፣ አንተ ደህና ሳለህ፣ አንድ ሁለት ጊዜ ተለማመዱት። ሆድህ መርገብገብ ሲጀምር ደግሞ ትንፋሽህን ልቀቅ። ለጀማሪ እዚያ ድረስ ይበቃል።

ስለ ቁጥር ካነሳን፣ ሥፍራህንም አስብ። ቪዲዮዎቹ አብዛኞቹ የተቀረጹት ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። ባሕር ዳር ስሟ ባሕር ቢሆንም ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። አየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን መጠኑ እዚያም እዚህም 21 በመቶ ነው፤ ግፊቱ ግን እዚህ ወደ አንድ አምስተኛ ያንሳል። አንድ ሙሉ ትንፋሽ ስትስብ የምታገኘው ኦክስጅን እነሱ ከሚያገኙት ያነሰ ነው። ደብረ ማርቆስ ያለ ልጅ ከሆነ ደግሞ ከ2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ የእነሱን የልምምድ ሰንጠረዥ አውርደህ በነሱ ደቂቃ መሮጥ ለአንተ አልተሰፋም።

ሰው 24 ደቂቃ ያዘ ሲባል ሰምተህ ይሆናል። እውነት ነው። ክሮኤሺያዊው ቡዲሚር ሾባት በ2021 እ.ኤ.አ. 24 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ይዟል። ግን ቀድሞ ንጹሕ ኦክስጅን ሲተነፍስ ቆይቶ ነው፤ ዙሪያውንም ሰው ከቦት። ያለዚያ ኦክስጅን ፈረንሳዊው ስቴፋን ሚፍሱድ በ2009 እ.ኤ.አ. የያዘው 11 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ነው። ሁለቱም ዘግተው ብቻቸውን አልነበሩም። በዚህ ስፖርት ከፍ ያሉት ሰዎች ሁሉ ከሌሎች የሚለዩበት አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ ብቻቸውን አያደርጉትም።

ጣናን በተመለከተ አጭር ነኝ። ሐይቁ ጥልቅ አይደለም፤ ትልቁ ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ነው። ግን ደፍራሽ ነው፤ ክረምት ወንዞቹ አፈሩን ይዘው ሲገቡማ የራስህን እጅ አታይም። አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። ከሥርህ ራሱን የሳተ ሰው ቢኖር ጀልባው ላይ ያለው ጓደኛህ በምን ያየዋል? ጠላቂ ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሱን የሚስተው ታች ሳይሆን ወደ ላይ ሲወጣ፣ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው። ግፊቱ ሲቀንስ ሳንባው ውስጥ የቀረው ኦክስጅን ግፊቱ አብሮ ስለሚወርድ ነው። መማር ከፈለግህ ወለሉ በሚታይ መዋኛ ገንዳ፣ ይህን በሚያውቅ አሠልጣኝ እጅ ጀምር። ቤት ውስጥ የለመድከው ቁና ቁና መተንፈስ እጅህን ይዞ ውሃ ውስጥ እንዳይገባ ነው ይህን ሁሉ የምጽፍልህ።

እናትህን ንገራት። መቼም ትቆጣለች፤ ሳምንት ሙሉም ትነጫነጭ ይሆናል። ግን አሁን እሷ የምታውቀው ልጄን ሊሾው አዳለጠው ብላ ነው፤ ምናልባት ወለሉን ደጋግማ እየወለወለች ይሆናል። ሌሊት ማስመለስ ቢጀምርህ ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ለሐኪም የምትነግረውም የላትም። ዛሬ ማታ ቡና ስታፈላ ምድጃውን አንተ ወደ በረንዳ አውጣላት፣ እዚያው ተቀመጥና ንገራት። ነገ ጠዋት አብራህ ልሂድ ብትል አትከልክላት። ሐኪሙ ያለህን ደግሞ ጻፍልኝ፤ እጠብቃለሁ።